የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ መንታ ነው ከተባለ በኋላ
ይህን እትም ለመንታ እርግዝና፣ በተለይም ከጽንሶቹ አንዱ የአፈጣጠር እክል ሲገኝበት ለሚደረገው ክትትል ሰጥተነዋል። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ እናቶች ሪፈር ይዘው ወደ ሶዶ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ይመጣሉ። እኛን የሚያሳስበን በስንተኛው ወር ይመጣሉ የሚለው ነው።

«መንታ ነው» ብሎ መሸኘት አይበቃም። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ድረስ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ በጽንሶቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያያል። መጋጠሚያው እንደ ሽብልቅ ወፍሮ ከታየ እያንዳንዱ የራሱ እንግዴ ልጅ አለው፤ ግድግዳው ሳይወፍር ቀጥ ብሎ ከገባ ግን አንዱን ይጋራሉ። የሚጋሩ ከሆነ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መታየት አለባቸው። ደም ሥራቸው የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ቢሞት የሌላው አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

የአፈጣጠር እክል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመንታዎቹ በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ይህን ለእናቲቱ በወላይትኛ፣ አረጋግቶ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋል፤ በካርድ ላይ ተጽፎ መቅረት የለበትም።

የኅብለሰረሰር እክልን ለመከላከል ፎሊክ አሲድም ከእርግዝናው በፊት ቢጀመር ይመረጣል፤ የጽንሱ ኅብለሰረሰር የሚዘጋው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ፣ በመጀመሪያው ወር ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ገጽ ከሁሉ አስቀድመው እንዲያነቡልን እንፈልጋለን።