ጥያቄው ለምን ለእናት ብቻ?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አሻገረ። ቆይቶ የዚያ አገር ጥርስ ሐኪሞች የኢትዮጵያውያኑን ልጆች አፍ ሲመረምሩ የወተት ክራንቻቸው የጎደለ፣ ተከትሎ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም የተበላሸ ልጆች አገኙ። ሰበቡ ግግ ማውጣት ነበር። ጥርሱ ገና ድድ ሥር ሳለ ተፈልፍሎ ወጥቷል። በአዲሱ አገር ስኳሩ በዝቶ የልጆቹ ጥርስ መበላት ሲጀምርስ፣ ጣት የተቀሰረው ወደ ማን ነው? አሁንም ወደ እናቶቹ አይደለም?

እነሱ ሄዱ፤ ግግ ማውጣቱ ግን እዚሁ ቀርቷል። ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለ የላስታ መንደር ያለች እናት ስድስት ወር የሞላው ልጇን ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው እንበል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል አስጠምቃዋለች። ድዱ ነጣ ብሎ አብጧል። ጎረቤት «ትል ነው» ይላታል፤ የሚያወጣ ሰውም ቅርብ ነው። ተቅማጡ ከየት መጣ? በዚህ ዕድሜ ልጅ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ ያልፈላ ውኃ ይቀምሳል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ክራንቻው በድዱ ውስጥ ጎልቶ የሚታየውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱን ያገናኘችው ሴት ልጇን ስላላስተዋለች ነው የተሳሳተችው? ወይስ አጥብቃ ስላስተዋለችና የሚያስረዳት ስላጣች?

እናቶቹ ለጥርስ ግድ የላቸውም እንዳይባል፣ ድዷን ተነቅሳ ጥርሷን ያስዋበች፣ የወይራ መፋቂያ ከእጇ የማይጠፋ አያት ያለችበት አገር ነው።

ሕጉ አንቀጽ አላጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውጣት ሞት ያደረሰን ሰው ይቀጣል። ይቅጣ። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. 16 ፓኬጆች ይዞ ሲጀመር ለአፍና ለጥርስ የሚሆን አንድ ፓኬጅ እንዴት ጠፋ? ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ወባ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምረውን ባለሙያ የሕፃኑን ከንፈር ገለጥ አድርገሽ እዪ ያላት አለ? ያላስተማረ መንግሥት ለመቅጣት ምን አፍ አለው?

ከረሜላውስ? ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ለተሰለፉ ልጆች ከመኪና መስኮት ከረሜላ የሚያድለው ጎብኚ ደግነቱን ይዞ ይሄዳል። የልጁ ጥርስ ሲታመም ሌሊቱን አዝላው የምታድረው ማን ናት? እናቱ ቤሩት ወይም ጅዳ ሠርታ የምትልከው ብር ብስኩትና ለስላሳ ሲሆን፣ ልጁን የምታሳድገው አያት ስለ ስኳር የሰማችው ከማን ነው? ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን ይጀመር የሚለው ምክርስ ከከተማ ክሊኒክ ግድግዳ ወጥቶ ያውቃል?

ለማስተማር አጋጣሚ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ያቺ የላስታ እናት ልጇን ልታስከትብ ራሷ ትመጣለች። በ14ኛው ሳምንት ትመጣለች፤ በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ትመለሳለች። ግግ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው። መርፌውን የምትወጋው ባለሙያ «እህቴ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ድዱ ነጣ ብሎ ያብጣል፤ ጥርስ ነው፣ እንዳታስነኪው። ቢያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ. በጥብጠሽ ስጪውና ወደኛ አምጪው» ብትላት ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?