የሠሩትን ማፍረስም ትምህርት ነው

ድግስ ሲያልቅ ዳሱ ይፈርሳል፤ የተዋሱት ሳህንና ብርጭቆም ተቆጥሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ያልፈጸመ ደጋሽ ድግሱን ጨረሰ አይባልም። በክላውድ ላይ ፕሮግራም መሥራት የሚማር ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ሥራው በታየለት ማግሥት ዳሱን እንደ ቆመ ትቶት ይሄዳል።

ክላውድ ማለት በኪራይ የሚገኝ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ከዚሁ ውስጥ ሰርቨርለስ የተባለው አሠራር፥ አማዞን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ላምዳን ካስተዋወቀ ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። ስሙ «ሰርቨር አልባ» ማለት ቢሆንም ሰርቨሩ አለ፤ የሚንከባከበው ግን ተከራዩ ሳይሆን አከራዩ ነው። ላምዳ የሚያስከፍለው ፕሮግራሙ በተጠራበት ቁጥርና በሠራበት ጊዜ ልክ ስለ ሆነ፥ «ካልተጠራ አያስከፍልም፤ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ።

ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ላምዳ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም። በዝግ ኔትወርክ ውስጥ ሲሆን ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት ናት ጌትዌይ፥ አንድም ሰው ባይጠቀምበት ኪራዩ በየሰዓቱ ይቆጠራል። ሎግ የሚባለው የሥራ መዝገብም የማብቂያ ጊዜ ካልተወሰነለት ሳይሰረዝ ይኖራል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አደራው ነው። ለክበብ ምዝገባ የተሰበሰበ የተማሪዎች ስምና ስልክ ቁጥር፥ ክበቡ ከተረሳ በኋላ ጠባቂ እንደሌለው ዕቃ ተጥሎ ይቀራል።

«ለማፍረስ አንድ ትእዛዝ ይበቃል» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ሁሉም በክላውድፎርሜሽን ወይም በቴራፎርም ጽሑፍ የተሠራ እንደ ሆነ፥ በዚያው ጽሑፍ ይፈርሳል። ነገር ግን በእጅ የተጨመረውን ጽሑፉ አያውቀውም። ፋይል ያለበት የኤስ ስሪ ማከማቻም በተለመደው አሠራር ባዶ ካልሆነ አልሰረዝም ይላል። ላምዳ ራሱ የከፈተው ሎግ በጽሑፉ ካልተመዘገበ ወደ ኋላ ይቀራል። በአንድ ሪጅን የተሠራውንም በሌላው ሪጅን ገጽ ቢፈልጉት አይገኝም።

በችኮላ ማፍረስም ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገውን መረጃ ማውጣት፥ የገቡበት አካውንት የትኛው እንደ ሆነ ማረጋገጥ፥ ከዚያም ማፍረስ፥ በኋላም የሂሳቡን ገጽ ተመልሶ ማየት ይገባል።

በበኩሌ የማሳስበው፥ መምህራን የተማሪን ፕሮጀክት ሲያርሙ «ሠራ ወይ?» ከማለት አልፈው «በሚገባ አፈረሰው ወይ?» ብለው ማርክ እንዲሰጡበት ነው። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት ልማድ የሚታረመው በተማሪነት ነው። የዛሬው ተማሪ ነገ የባንክና የሆስፒታል መዝገብ ይረከባልና፥ የተበደረውን መመለስ ከአሁኑ ይልመድ።