አለማወቅ የሚያሳፍርበት ክፍልና መልስ ሰጪው መሣሪያ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ ወይስ ይታገድ የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል። የኒውዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ቻትጂፒቲን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጃንዋሪ 2023 አግደው፣ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ እገዳውን አንስተዋል። ስልክና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ የትም ይኑር የት የቤት ሥራውን ለመሣሪያው ሰጥቶ መልሱን ደብተሩ ላይ መገልበጥ ይችላል፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያለው እንደዚሁ ነው። መጠየቅ ያለበት ልጁ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ምን ፈልጎ እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ የሚሄደው አለማወቁን ለመደበቅ ነው። መደበቅን ያስለመደው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው።

በ2023 በቱርክ፣ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ትምህርት ሙከራ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። አንዱ ወገን በመጽሐፍና በደብተር ብቻ ሠራ። ሁለተኛው የጠየቀውን ሁሉ የሚመልስለት ረዳት ተሰጠው። ለሦስተኛው የተሰጠው ረዳት ግን መልሱን እየያዘ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በመምህራን እገዛ የተዘጋጀ ነበር። በልምምዱ ሰዓት ሁለተኛው ወገን ከመጀመሪያው በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው በ127 በመቶ በለጠ። ረዳቱ ተወስዶ ፈተና ሲቀርብ መልስ ሲቀበል የቆየው ወገን ምንም መሣሪያ ካልነካው በ17 በመቶ አነሰ፤ ፍንጭ ሲቀበል የቆየው አልተጎዳም፣ የጎላ ብልጫም አላሳየም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውጤታቸው የወረደባቸው ተማሪዎች በትምህርታቸው ወደኋላ መቅረታቸው ያልታወቃቸው መሆኑ ነው። እንዳልገባው ያላወቀ ልጅ አይጠይቅም። የት ላይ እንደተያዘ ለይቶ ማወቅ፣ መደናገሩን ሳይፈራ መናገር፣ እርዳታ መጠየቅ፤ ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት የሚባለው ዘርፍ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

እኛ ዘንድ አለማወቅን የመደበቁ ቁስል ከመሣሪያው በፊት የነበረ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለ መምህራን ኑሮና ስለ ጦርነት ይናገራል። ስለ ትምህርት ቤት ባህላችንም ይናገራል፤ ከክፍል ክፍል ሲዛወር የኖረ ልጅ አለማወቁን ማንም አላየለትም፣ ወይም አይተው ዝም ብለውታል። ተሳስቶ የመለሰ ይሳቅበታል። ደጋግሞ የጠየቀ እንደ ረባሽ ይቆጠራል። በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን ውስጥም አንዱ ጎበዝ ሠርቶ የቀሩት ይገለብጣሉ። እንዲህ ያደገ ልጅ ከጓደኛው ደብተር ያገኝ የነበረውን አሁን ከስልኩ ያገኘዋል፤ ከጓደኛው ሲገለብጥ ግን ቢያንስ ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር።

ብርቱው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። መሣሪያው አይቆጣም፣ አይሳለቅም፣ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም፤ ታዲያ ለዓይናፋሩ ልጅ ከሚቆጣ መምህር አይሻለውም ወይ? ተቃውሞው በተለይ ቤቱ የሚያስጠናው ለሌለው ልጅ እውነትነት አለው፤ ይህን እርዳታ ልንነፍገው አይገባም። ነገር ግን ልጁን አንቆ የያዘው በሰው ፊት የመሳሳት ፍርሃት ነው፤ ይህንን ፍርሃት ሰው በሌለበት ሊያሸንፈው አይችልም። ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲሆን «ይህንን አላወቅሁም» የሚለው ለባልደረባው ነው፤ ያንን ያልተለማመደ ባለሙያ አደገኛ ነው። መሣሪያው ዘላቂ ለመሆኑም ዋስትና የለም። በትልቅነቱ በአሜሪካ ሁለተኛ የሆነው የሎስ አንጀለስ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር «ኤድ» የተባለ የተማሪዎች ረዳት በማርች 2024 አስመርቆ ነበር፤ የሠራው ኩባንያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲንኮታኮት ረዳቱም ተቋረጠ።

ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ደመወዙ ወር ለማይደርስለት መምህር ስለ ልጁ ስሜት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። የመምህሩ ኑሮ መሻሻል አለበት፤ ያ ግን ለልጁ ስሜት መጠንቀቅን ከትምህርት ጋር አያጣላውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 የታተመ፣ 213 መርሐ ግብሮችንና ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ግምገማ፣ ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ያገኙት በቀለም ትምህርታቸውም በ11 ፐርሰንታይል እንደሚሻሉ አሳይቷል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ለእኛ መውሰድ አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ነገሩ ለባህላችን ባዕድ ነው ለሚሉም የአብነት ትምህርት ቤቱን አስታውሳለሁ። አለንጋው ይቅር፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጎታል። በአብነት ትምህርት ቤቱ ተማሪው በየኔታ ፊት ቀርቦ የተማረውን በቃሉ ያሰማል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፣ ሳይዘልቀው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ቀደም ብሎ የገባው ደግሞ አዲሱን ያስቀጽላል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ከዚህ የተሻለ የምዘና መንገድ አላውቅም፤ በቃል ያስረዳ ተማሪ ማወቁ ይታያል፣ ያልገባው ቦታም ይለያል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር መሣሪያ ከማሰራጨቱ በፊት ፍንጭ የሚሰጠውን ከመልስ ሰጪው ይለይ፤ ርዕሳነ መምህራንም በየሳምንቱ ተማሪ ያለ ነጥብ ቅጣት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስረዳበት ሰዓት ይመድቡ። ወላጆችም «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ያልገባውን ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም አትቆጡት።