መስታወት ፊት ለምትውለው ልጃችሁ



ጠዋት ሰርቪሱ ጡሩምባውን እየነፋ ልጃችሁ ከመስታወቱ አትላቀቅም። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ትወጣለች፤ ፎቶ ሲነሳ ትሸሻለች። ማታ ማታ «አፍንጫዬ አያስጠላም?» ብላ ትጠይቃለች። «ኧረ ቆንጆ ነሽ!» ስትሏት ጥቂት ትረጋጋና ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች። ወንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ ቤት ውስጥ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም።

ይህን ቅብጠት ብላችሁ አትለፉት። የቀበጠ ሰው መልኩን አይቶ ይደሰታል እንጂ አያለቅስም። ሌላው ልብ የማይለው ጉድለት በቀን ለሰዓታት እያስጨነቀ ከትምህርትና ከጓደኛ የሚነጥላት ከሆነ፣ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቲክቶክ ያመጣው ነገርም አይደለም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ በ1891 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን ይይዛል፤ አብዛኞቹንም የሚጀምራቸው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ደስ የሚለው፣ ሕክምና አለው። አንደኛው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። ልጅቷ ከባለሙያው ጋር እየተመካከረች ሻርፗን አውልቃ ሱቅ ትሄዳለች፣ ዳቦ ትገዛለች፤ ልቧ እየመታም ቢሆን ሳትሸሽ ትቆያለች። ሲደጋገም ፍርሃቱ ይበርዳል። መስታወት ማየቱንም እንዲሁ ቀስ በቀስ ትቀንሳለች። እናንተም የቤት ሥራ አላችሁ፤ ስለ መልኳ ማረጋገጫ መስጠት ማቆም። «መጨነቅሽ ይገባኛል፣ ስለ አፍንጫሽ ግን አንነጋገርም» ማለት ለእናት አንጀት ከባድ ነው። ግን ማጽናኛው ራሱ ሕመሙን ይቀልበዋል።

ሁለተኛው እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ግን አይቸኩልም። ለውጡ በደንብ እስኪታይ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ፣ መጠኑም ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ሊል ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አልሠራም» ብላችሁ አታስቋርጧት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከወትሮው የተለየ መቁነጥነጥ ወይም የሞት ወሬ ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሟ ንገሩ። ሲሻላትም መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር አታቁሙ፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ጠበል የምትወስዷት ከሆነ መልካም፣ መድኃኒቷን ግን ይዛ ትሂድ።

ለማቅያ ክሬምና ለአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ አታውጡ። ብዙ ጊዜ አፍንጫው ከተስተካከለ በኋላ ጭንቀቱ ወደ አገጭ ወይም ወደ ቆዳ ይዞራል።

የአእምሮ ሐኪም አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «የጎረቤት ሰው ምን ይላል» የሚለው ሐሳብ አያዘግያችሁ፤ በዚህ ሕመም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙዎችን ይፈትናል። ልጃችሁን በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት።