ጫማ አውልቆ መጎብኘት

ልጅ ሳለሁ አያቴ ዳባት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጸበል ይዘውኝ ሄደው ነበር። ጸበሉ ገደል ሥር ነው፤ ውሃው ከአለቱ ላይ ተወርውሮ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ስንወርድ የውሃው ድምፅ መሰማት ሲጀምር አያቴ ቆም አሉና “ጫማሽን አውልቂ ልጀ” አሉኝ። ድንጋዩ ይቆረቁራል፣ ጭቃው ይቀዘቅዛል። “ገና አልደረስንም እኮ” ብላቸው “ድምፁ ከተሰማ ደርሰናል” አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ጢስ አባይን ለማየት ሄድን። መኪናው ውስጥ ጭፈራ፣ ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ጩኸትና ፎቶ ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንቆይ ተመለስን። ሣሩ ላይ ከቀሩት የሃይላንድ ጠርሙሶች አብዛኞቹ የእኛ ነበሩ። የአያቴ ነገር ትዝ ያለኝ ጎንደር ከገባን በኋላ ነው። አያቴ ሄደው “ተሳለሙ”፤ እኛ ግን “ጎበኘን”። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል መስሎ ሊታየን አይገባም። የተከበረ ውሃ የሚጎበኘው በቦታው ሕግ ነው እንጂ በጎብኚው ፍላጎት አይደለም ባይ ነኝ።

“እኔ በጸበል አላምንም፣ ታዲያ ምን አገባኝ?” የሚል ጓደኛ ይኖራል። ለእሱ የማነሣለት ምሳሌ ከዚሁ ከጎንደር የተነሣ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወጥቶ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ደረሰ። ምንጩን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያየው መንገድ መሪው ጫማህን ካላወለቅህ አትወርድም አለው፤ ምክንያቱም የአገሬው ሰው ውሃውን ያከብራል። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ በባዶ እግሩ ቁልቁል ሮጠ። በእርግጥ እዚያ ሲደርስ በምንጩ ውሃ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ ጽዋ ማንሣቱ አልቀረም። ቢሆንም እምነቱ የእሱ ባይሆንም የቦታውን ሕግ ፈጽሟል። ዛሬም ቦታው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጸበል ነው፤ ወደ ጸበሉ የሚገባ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚሄደው።

ያው ውሃ ጣና ገብቶ ከወጣ በኋላ ጢስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አባይ ከገነት የሚወጣው ግዮን ነው፤ ስለዚህ ላይኛው ተከብሮ ታችኛው የሚናቅበት ምክንያት አልነበረም። የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጣና መውጫ ላይ ግድብ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ብዙው ውሃ በቦይ ተጠልፎ ከፏፏቴው ጎን ያልፍ ጀመር። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ የራሱን ድርሻ ወሰደ። በበጋ የሄደ ሰው ሰፊ ባዶ አለት አይቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። “የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ይባል ነበር፤ አሁን የተጠማው ራሱ ፏፏቴው ነው።

መብራት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ይህንንም የጻፍኩት በመብራት ነው። የምለው፣ ውሃ ዝም ብሎ ውሃ ብቻ ነው ብለን ስናስብ ለእሱ የምንተውለት ድርሻ እንዳለ እንረሳለን ነው። የአያቴ ሕግ ይህን አይረሳም። ጸበሉ አጠገብ ልብስ አይታጠብም፣ ዛፍ አይቆረጥም። በደጋው ስንጓዝ ከሩቅ የዛፍ ጥቅጥቅ ካየን ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ ሌላው ኮረብታ ግን ተራቁቷል። አክብሮቱ ነፍስን ብቻ ሳይሆን አፈሩንና ምንጩንም ጠብቋል።

ምእመናኑም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ጫማውን አውልቆ ገብቶ የጸበል መቅጃውን ፕላስቲክ እዚያው ጥሎ የሚወጣ ሞልቷል። እግር ባዶ ሆኖ እጅ ካልተቆጠበ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ክፍላችን የሚቀጥለውን ጉዞ ሲያዘጋጅ ጥቂት ነገሮችን ብናስብ ጥሩ ነው። ከመሄዳችን በፊት የቦታው ሥርዓት ምን እንደሆነ እንጠይቅ፤ አውልቁ ከተባልን እናውልቅ፣ ፎቶ አታንሡ ከተባልን አናንሣ። ይዘን የሄድነውን ጠርሙስ ይዘን እንመለስ። ውሃው ጋ ስንደርስ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ዝም ብለን እናዳምጥ።

ልምምዱን ደግሞ ከቤታችን መጀመር እንችላለን። በጥምቀት የምንረጭበት የፋሲል መዋኛ ውሃ የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ነው። ጥር 11 ቀን ተባርኮ የሚረጨንን ውሃ በሌላው ቀን ዳር ዳሩን ቆሻሻ መጣያ ካደረግነው፣ የቱን ነው ያከበርነው? አያቴ ቢያዩን “ድምፁ ከተሰማ ደርሰናል” ይሉን ነበር። የቀሃ ድምፅ ከከተማችን መሀል ይሰማል። ደርሰናል ማለት ነው።