ቢሮክራሲ የተባለችው አያቴ

የአገራችን የፖለቲካ ታሪክ ሲጻፍ ዘመን የሚከፈለው በቤተ መንግሥቱ ባለቤት ነው፤ የንጉሡ፣ የደርግ፣ የኢሕአዴግ እየተባለ። በ2003 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ያረፈችው አያቴ ግን ዓመታቱን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ትቆጥራለች፤ መንግሥታቱን ደግሞ «መሬቱን ምን አደረጉት?» በሚል አንድ ጥያቄ ትለያቸዋለች። ከብዙዎቻችን ተንታኝ ነን ባዮች ይልቅ የእርሷ መመዘኛ የጠራ ይመስለኛል።

ጣሊያን ሲወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተዳረች፤ ሰባት ወልዳ አራት አሳደገች። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም ወገን ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። ሆኖም ባሏ ቀዬ ሄዳ የምትኖር ሴት ከገዛ ወንድሞቿ ጋር ተሟግታ ድርሻዋን ማስከፈል ከባድ ነበር። አያቴ ተሟገተች። ፊደል ያልቆጠረችው ሴት የዘር ሐረጓን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በሽማግሌዎች ፊት በቃሏ ዘርዝራ፣ አንድ ጥማድ የማትሞላ ቁራጭ መሬት ተቀበለች። «ፖለቲካ የማታውቅ ምስኪን ገበሬ» የሚለው አነጋገር የማይዋጥልኝ ስለዚህ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመጸ፤ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በኋላም አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ከጎጃም አነሣ። አያቴ በሌሊት ጭኮና ቆሎ እያዘጋጀች ለሸፈቱት ስንቅ ታቀብል ነበር። ስለ ግብሩ ብዛት ስጠይቃት፣ «ብሩ አይደለም ልጄ፤ መሬቱን ሊለኩት ነበር» አለችኝ። የተለካ መሬት የሚወሰድ መሬት ነው የሚለው ፍርሃት ከግብሩ ይልቅ ሰዉን እንዳነሣሣው የዘመኑን ታሪክ ያጠኑም ይስማማሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን እልልም አላለች፣ አላለቀሰችም። በደቡብ የጭሰኛው ቀንበር ተሰበረ፤ በእርሷ ቀዬ ግን አብዛኛው ሰው ትንሽም ብትሆን የራሱ ርስት ነበረው። አያቴን የነካት የአዋጁ ጭራ ነው። አያቴን ያገባው አያቴ የቄስ ትምህርት ስለነበረው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ተብሎ ተመረጠ፤ ሁለት ዓመት አገልግሎም ወረደ።

የፈራችው ገመድ በ1989 ዓ.ም. መጣ። በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ዘመን ሹመት የነበረው ሁሉ «ቢሮክራሲ» ተባለ። ለሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ ማለትም እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድ ለቢሮክራሲ ከ4 ጥማድ በላይ ተከለከለ። አያቴ ያኔ ባሏን ከቀበረች አራት ዓመቷ ነበር። ስሙ ግን ከሟቹ ወደ መበለቲቱ ተላለፈ!

ለመሬት አልባው ወጣትና ለፈት ሴት መሬት መስጠት ተገቢ አልነበረም አልልም። ከአያቴ የተቆረሰው ለልጆች እናት ለሆነች ፈት ጎረቤቷ ደረሰ፤ አያቴም በሴትየዋ ላይ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። «መሬቱስ ይገባታል፤ እኔን መሳደብ ግን ለማን ጠቀመ?» ነበር የምትለው። ይህን ጥያቄ ያኔ ያከፋፈሉት ካድሬዎች እስካሁን አልመለሱትም፤ ዛሬም ሰውን በአባቱ ወይም በባሏ ሥራ ፈርጀው የሚጠሩት፣ የየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ አይመልሱትም። ለድሃ ማካፈል ሌላውን ድሃ በጠላትነት መመዝገብን ለምን እንደሚጠይቅ አስረዱኝ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር የባለ ይዞታው ፎቶግራፍ፣ ባልና ሚስት ከሆኑም የሁለቱም፣ እንዲለጠፍ ተደረገ። ይህ በጎ ሥራ ነው። አያቴም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ካሜራውን በጥርጣሬ እያየች ተነሣች። ከእርሷ የቀረን ምስል ይህ ብቻ ነው። ቅጂ ላስነሣ ብዬ አጎቴን ብለምነው ደብተሩ ከቤት አይወጣም ብሎኛል።