ካርታው በስሜ ነው፤ ቤቱ ግን የእኔ አይደለም

አምቦ ውስጥ በእኔ ስም የተመዘገበ ቤት አለ። የእኔ አይደለም።

አራት መኝታ ክፍል፣ ሰፊ ግቢና ትልቅ የብረት በር አለው። ካርታው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። የተሠራበት ገንዘብ ከሃያ ዓመት በላይ ውጭ አገር የኖረው የአጎቴ ነው። የውክልናው ወረቀት አዲስ አበባ በሚኖረው የሚስቱ ወንድም እጅ ነው፤ ኪራዩም የሚገባው በእሱ ሒሳብ ነው። ቁልፉ ደግሞ አዳዳ መቀነት ላይ ታስሯል። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የሥጋ ዘመዳችን አይደለችም፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት።

ቤቱ በቀን ይከራያል። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት ተነስተው ፍልውሃው ገንዳ ለመዋኘት የሚመጡ አሉ። ወንጪ ለመውጣት የሚያድሩ አሉ። የሠርግ እንግዳ አለ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅማ ወላጅ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎም ቢሆን ያድራል። ይህን ሁሉ ሰው የምትቀበለው አዳዳ ናት። አንሶላውን የምታጥበው፣ ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን የምታስቀዳው፣ መብራት ሲሄድ ሻማ ይዛ የምትሮጠው እሷ ናት። የሰከረውን እንግዳ «ወንድሜ፣ ሰው ተኝቷል» ብላ የምታባብለውም እሷው ናት።

እንግዳው ግን ከመሄዱ በፊት ሁሌ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል። «ባለቤት የለም?»

«አለች፣ አዲስ አበባ ናት» ትላለች። እኔን ማለቷ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ መልስ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ባለፈው ክረምት አዳዳ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተንሸራተተች። እጇ ተሰበረ። የደወለችው ለእኔ ነው፤ ባለቤት ነኛ! እኔ ለአጎቴ ደወልኩ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ደነገጠ፣ አዘነ፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እሷ እኮ ቤተሰብ ናት። እንረዳታለን።»

እንረዳታለን። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ርዳታ የሚሰጠው ሰው ቸር ነው፤ ካልሰጠም ማንም አይጠይቀውም። ዕዳ ግን ሌላ ነው። አዳዳ እጇ የተሰበረው በሥራ ላይ ነው፤ የሚገባት ዕዳ ነው፣ ርዳታ አይደለም። «ቤተሰብ ናት» የምትለዋ ጣፋጭ ዓረፍተ ነገር ዕዳውን ወደ ቸርነት ትቀይራለች።

ሕግ የተማረ ጓደኛዬን «አሠሪዋ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ገንዘቡን የሚበላውማ ሌላ ነው። ክስ ቢመጣ ግን መጀመሪያ የምትፈለጊው አንቺ ነሽ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የኔዋ ላም ግን ወተት አለመስጠቷ ብቻ አይደለም፤ የሰው እህል ከበላች ካሣ የምከፍለው እኔ ነኝ።

እስቲ ሕጉን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚሰጥ የግል አገልግሎትን አይመለከትም። በሰው ቤት ወጥ የምትሠራ፣ ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ራሱ ሌላ ግፍ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። የአዳዳ ሥራ ግን እንደዚያ አይደለም። ያ ቤት ማንም የማይኖርበት፣ በየቀኑ የሚከራይ የንግድ ቤት ነው። ስለዚህ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ የምትሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይገባታል። የጽሑፍ ውል ከሌላት አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራዋን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጣት ግዴታ አለበት። በሥራ ላይ ለደረሰባት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ለጡረታዋ ደግሞ አሠሪው ከደመወዟ 11 በመቶ፣ እሷ 7 በመቶ ማዋጣት ነበረባቸው።

አዳዳ ከነዚህ ስንቱን አግኝታለች? አንዱንም። ለምን? «የቤት ሠራተኛ» ብለን ስለጠራናት። አንድ ቃል ቀየርንና አንድ ሙሉ አዋጅ ከራሳችን ላይ አወረድን።

«ስም ማዋስ እኮ የቆየ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ምክንያትም ነበረው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል አሁንም ሽማግሌዎቻችንን ያስደነግጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ፓስፖርቱን የቀየረ ስደተኛ በእህቱ ስም ካልሠራ በምን ይሥራ?

ግን እሱ ዘመን አልፏል። በ1994 ዓ.ም የወጣው የቢጫ ካርድ አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን ከፍቷል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ለሚያሟላ የውጭ ዜጋ እንኳ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። አጎቴ ቤቱን በስሙ ማድረግ ይችላል። የማያደርገው ሕጉ ስለከለከለው አይደለም፤ እንደዚህ ስለሚመቸው ነው። ስም ሌላ ጋ ሲሆን ኃላፊነትም ሌላ ጋ ይሆናላ።

በአጎቴ በኩል ያለውንም ልናገር። ያን ቤት የሠራው የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ቤቱ ባይኖር አዳዳም ያቺን ደመወዝ አታገኝም ነበር። እነዚህን ሁለቱን አልክድም። ነገር ግን አጎቴ ራሱ በሄደበት አገር በሥራ ላይ ቢጎዳ አለቃው «ቤተሰብ ነህ፣ እንረዳሃለን» ቢለው ዝም ይላል? አይልም። ውሉን ያወጣል። ለራሱ የሚጠይቀውን ለአዳዳ ለምን ይነፍጋታል? የሌሊት ፈረቃ ድካም ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ይህ የእኛ ቤተሰብ ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ከሆለታ እስከ ጉደር ባለው መንገድ «ገስት ሃውስ» የሚል ታፔላ ባያችሁ ቁጥር ገብታችሁ ጠይቁ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ሞክሩት። «የማን ነው?» ስትሉ አንድ ስም ይነገራችኋል፤ «ማነው የሚያሠራው?» ስትሉ ሌላ፤ «ማነው የሚሠራው?» ስትሉ ግን ስም አይነገራችሁም፣ «ልጅቷ» ትባላላችሁ። ኤርቢኤንቢ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ አስተናጋጁ ተብሎ ፎቶው የሚለጠፈው ባሕር ማዶ ያለው ሰውዬ ይሆናል። እንግዳው «እንዴት ያለ ደግ አስተናጋጅ!» ብሎ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል። ቡናውን ያፈላችው ሴት ኮከብ የላትም።

ዓለም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ጀምሯል። ኒው ዮርክ በፈረንጆቹ 2023 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው ስሙን እንዲያስመዘግብና እንግዳው ባለበት ቤት አብሮ እንዲኖር አስገድዳለች። ባርሴሎና እስከ 2028 መጨረሻ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እንደማታድስ አስታውቃለች። እኔ ይዘጋ አላልኩም፤ አምቦ እንግዳ ያስፈልጋታል። ግን ቢያንስ «አስተናጋጁ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከአምቦ በስተደቡብ ወንጪ ውጡ። «ገበታ ለሀገር» በ2012 ዓ.ም መጨረሻ ይፋ ሳይሆን፣ የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በፈረንጆቹ 2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሳይሰይማት ገና ድሮ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። ፈረሱ በተራ፣ ጀልባው በተራ፣ አስጎብኚው በተራ። ጭቅጭቅ አልነበረም አልልም፤ ተራ ባለበት ጭቅጭቅ አለ። ግን የተቀመጥክበት ፈረስ ባለቤት ልጓሙን ይዞ ከፊትህ ይሄድ ነበር። ስሙን ጠይቀህ በስሙ ታመሰግነዋለህ።

ግንጪን አትርሱ። ኅዳር 2008 ዓ.ም ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ስለ አንድ ሜዳና ስለ አንድ ደን ነበር። ጥያቄው «ይህ የማን ነው? ማንስ ነው የሚወስነው?» የሚል ነበር። ያን ጥያቄ በመንግሥት ላይ ያነሳን ልጆች በገዛ ግቢያችን ውስጥ ሲነሳ ጆሯችንን መድፈን የለብንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ከቤቱ ሥር ያለው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቤቱ በወረቀት የእኔ፣ በገንዘብ የአጎቴ ነው። አዳዳ ጋ ስንደርስ ብቻ ነው ሁሉም ዝም የሚለው።

ስለዚህ ለእናንተ ለእኩዮቼ ሁለት ነገር እላለሁ። ስማችሁን የተዋሳችሁ ካላችሁ፣ ስም ጃኬት አይደለም፤ ከነኪሱ ነው የሚሄደው፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፈትሹ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ተከራይታችሁ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ «ባለቤት የለም?» ከማለታችሁ በፊት በሩን የከፈተላችሁን ሰው «ውል አለሽ ወይ? ዕረፍትሽ መቼ ነው?» በሉ። የምታደንቋትንም በስሟ ጥሩ።

እኔ ለአጎቴ ነግሬዋለሁ። ወይ ቤቱን በስሙ ያዙርና ውሉን እሱ ይፈርምላት፣ ወይ ካርታው በስሜ እስካለ ድረስ እኔ ፈርሜ ደመወዟንም ጡረታዋንም ከኪራዩ ላይ አስቀንሳለሁ። «በማን ቤት ላይ?» አለኝ። «በካርታው ላይ ያለው ስም የማን ነው?» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

የውሉን ረቂቅ ጓደኛዬ ጽፎልኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው አምቦ እሄዳለሁ። «አሠሪ» በሚለው ቦታ ስሜን ሞልቼ ፈርሜበታለሁ። «ሠራተኛ» የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነው። የአዳዳን ሙሉ ስም እንደማላውቀው የገባኝ ልሞላው ስል ነው።